በአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለች መኪና፦ ከምሥራቅ ጎጃም የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር፣ ከደጀን በስተምሥራቅ ወደ አባይ በረሃ በሚወርድ አንድ የበጋ መንገድ ላይ፣ ለጎብኚዎች የሚሆን የመኪና ጉዞ መስመር ለማጥናት የወረዱ ሰዎች ከሁለት ተሽከርካሪዎቻቸው አንደኛዋ የኋላ ጎማዋ ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ በገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታባቸው ነበር። ሰው አልሞተም፣ አልቆሰለምም፤ መኪናዋም በማግስቱ በራሷ ጉልበት ደጋ ወጥታለች። ያም ሆኖ ጉዳዩ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ችግሩን የፈጠሩት ነገሮች በአባይም ሆነ በሌሎች የቆላ ሸለቆዎች መኪና ይዞ በሚወርድ ሰው ሁሉ ላይ ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው፤ የመፍትሔውም ትልቁ ክፍል የተገኘው ከቦታው ገበሬዎች እውቀት ነው።

እኔ በወቅቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሹፌሮች ማሠልጠን ሥራ ላይ ስለነበርኩ በስልክ ተጠርቼ በማግስቱ ጠዋት ከቦታው ደረስኩ። ከመድረሴ በፊት የሆነውን ከተጓዦቹና ከመንደሩ ሰዎች ለየብቻ ጠይቄ አስተያይቼዋለሁ። የሰዎቹንም የመንደሩንም ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

የቦታው አቀማመጥ

ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ በታች ያለው የአባይ ወለል ከ1,100 ሜትር ያነሰ ከፍታ አለው። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አስፋልት ይህን ልዩነት በጥምዝምዝ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የህዳሴ ድልድይ ላይ አባይን ይሻገራል። ይህ በመሐንዲሶች የተሠራና የሚጠገን መንገድ እንኳ በመሬት መንሸራተት ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ ለሚያይ ሰው፣ ከእርሱ ርቀው በየቀበሌው ወደ በረሃው የሚወርዱት የበጋ መንገዶች ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደተዘረጉ መገመት አያዳግተውም።

መሬቱን ማወቅ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። የአባይ ገደል ከላይ ወደ ታች በተደራረቡ የተለያዩ የድንጋይ ዓይነቶች የተሠራ ነው። ከላይ ደጋውን የተሸከመው ጥቁሩ ባዛልት ሲሆን፣ ቀጥ ያለ ገደል ይሠራል፤ መንገዱም በዚያ ክፍል ጠባብና ድንጋያማ ቢሆንም ጎማ የሚይዝ ነው። ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ ደረጃ በደረጃ እየሆነ ይወርዳል፤ መንደሮችና ማሳዎች የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ነው። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጂፕሰምና ሼል የሚባለው ስስ ንብርብር ያለው የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ የሚገኙበት ወፍራም ክፍል አለ። ከሁሉም በታች፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ፣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ የገባሮቹም ወለል በዚያ አሸዋማ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው የጂፕሰምና የሼሉ ክፍል ነው። በደረቅ ጊዜ ጠንካራና ለስላሳ ስለሚመስል ሹፌር የሚዝናናበት ቦታ ነው፤ ሩብ ሰዓት ዝናብ ሲነካው ግን ላዩ እንደ ሳሙና ይሆናል። ጂፕሰሙ ደግሞ በውሃ የሚሟሟ ድንጋይ በመሆኑ ከመንገዱ ሥር የማይታይ ባዶ ቦታ ሊፈጠር ይችላል።

ተጓዦቹ የወረዱበት መንገድ ቀድሞ የአህያና የእግረኛ መንገድ የነበረ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ማሽላ ወደ ደጋ ገበያ ለማውጣት በጉልበታቸው አስፍተውታል። ከሰኔ እስከ መስከረም መኪና አይወርድበትም።

ተጓዦቹና ዝግጅታቸው

ሰዎቹ ስድስት ነበሩ። አንደኛዋ መኪና ቱርቦ የሌለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላት አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነበረች። ሁለቱም በአራት ጎማ የሚነዱ ናቸው። ስኮርታ (መለወጫ) ጎማ፣ ካቦ (መጎተቻ ገመድ)፣ አካፋ፣ የዘይት ክሪክ (መኪና ማንሻ)፣ ለሁለት ቀን የሚበቃ ውሃና ትርፍ ናፍጣ ይዘው ነበር፤ ይህ ከብዙ መንገደኛ የተሻለ ዝግጅት ነው። አጎበር ግን አልያዙም፤ በዕለቱ እንመለሳለን ብለው ስለነበር ማደርን አላሰቡትም።

የሃርድቶፑ ሹፌር በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ረጅም ልምድ ያለው ሰው ነው። በፒክአፑ ላይ የነበረው ሹፌር ዕድሜው አነስተኛ ቢሆንም ቆላ ተወልዶ ያደገ ነበር፤ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ትልቅ ፋይዳ ነበረው።

የችግሩ አመጣጥ

ከደጀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሥተው የባዛልቱን ገደል ሲወርዱ ሃርድቶፕዋ ከግማሽ በላይ የሆነውን ቁልቁለት በፍሬን ወረደች። ሹፌሩ ማርሹን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ወደሚጨምረው ዝቅተኛው የአራት ጎማ ክፍል ከመጣል ይልቅ በተለመደው ሁለተኛ ማርሽ እየወረደ እግሩን ከፍሬን ላይ አላነሣም ነበር። ከኖራ ድንጋዩ ደረጃ ሲደርሱ የፍሬኑ ሽታ ተሰማ፤ ፔዳሉም ለስልሶ ወደ ታች መግባት ጀመረ። ፍሬን በተደጋጋሚ ሲያዝ ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮና እርሱን የሚይዘው ሸራ ከመጠን በላይ ስለሚግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ተጓዦቹ ያደረጉት ትክክል ነበር፦ መኪናዋን አቁመው፣ ጎማዎቿን በድንጋይ ታኮ አስደግፈው፣ ውሃ ሳያፈሱበት በራሱ እስኪበርድ ጠበቁ። በጋለ ከበሮ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ይህን መተዋቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

በዚሁ ደረጃ ላይ ባለው መንደር የፒክአፑ ሹፌር ከዚህ በታች እንደማይወርድ ተናገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከደጋው ጠርዝ በላይ ከጠዋት ጀምሮ ደመና እየተቆለለ ነበር። ሌሎቹ ሰማዩ ከራሳቸው በላይ ጥርት ያለ መሆኑን አይተው አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ፒክአፕዋ ከነሁለት ሰዎቿ በመንደሩ ቀረች፤ አራቱ አንድ የመንደሩን ወጣት መንገድ መሪ አድርገው በሃርድቶፕዋ ወረዱ። የሼሉን ክፍል ያለ ችግር አልፈው፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከታች ካለው ደረቅ ገባር ደርሰው በአሸዋው መካከል ባለ ሾላ ጥላ ሥር መኪናዋን አቁመው ምሳ ቀረቡ።

ፍየል ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ወደ እነርሱ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ደጋው ጠቁሯል፤ ከወንዝ ውስጥ ውጡ» አሏቸው። ሹፌሩ፣ «አባቴ፣ እዚህ እኮ ጠብታም የለም» ቢላቸውም አዛውንቱ ስላልተዉት መኪናዋን ነድቶ ከወንዙ ዳር ካለው ከፍታ ላይ አወጣት። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ ተሰማና ደራሹ ውሃ ግንድ እየገፋ፣ ቀልቶና ወፍሮ መጣ፤ መኪናዋ ቆማበት የነበረውም ቦታ ተዋጠ። ከደጀን እስከ ቢቸና ባለው ደጋ የዘነበ ዝናብ በእነዚህ አጫጭር ገባሮች ወደ ታች የሚደርሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው፤ በታች ያለ ሰው በላዩ ያለውን ሰማይ ብቻ ካየ ምንም ማስጠንቀቂያ አያገኝም። በእኔ ግምት ከጉዳዩ ሁሉ ሕይወት ያተረፈው ይህ የአዛውንቱ ምክር ነው።

መኪናዋ የቆመችው በመንደሩ ወገን ባለው ዳር ስለነበር ውሃው የመመለሻ መንገዳቸውን አልዘጋውም። ነገር ግን የደጋው ዝናብ ጭራ በሼሉ ቁልቁለት ላይም አርፎ ነበር። ሹፌሩ በረሃ ውስጥ ማደርን፣ በተለይም ወባን ፈርቶ፣ መንገዱ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ መውጣት ጀመረ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የጎጃም ደገኛ ከጥንት ጀምሮ ቆላ ወርዶ አርሶ ወይም አጭዶ ከማደር ይልቅ ሽቅብ መውጣትን ይመርጥ የነበረው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ አንድ ሌሊት ማደር አንድ ገደል ከመግባት ይሻላል። ሼሉን አጋምሳ ሳለ ጎማዎቿ ይሽከረከሩ ጀመር፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ገጹ ይበልጥ ተወለወለና፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ወገን ያዘነበለ በመሆኑ መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራትታ የቀኝ የኋላ ጎማዋ ከጠርዙ ወጣ። ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናዋን አካል የተሸከመው የብረት አጽም፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ያዛት። ከቀኑ 11 ሰዓት ተቃርቦ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያው ደቂቃ የተደረገው ነገር መልካም ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ ሁሉም አንድ በአንድ በእርሱ በር፣ ማለትም በተራራው ወገን ባለው በግራ በር፣ ወጡ። በገደሉ ወገን ያለውን በር ማንም አልከፈተም።

ከዚያ በኋላ ፒክአፕዋ ከላይ መጥታ በካቦ እንድትጎትት ተሞከረ። ፒክአፕዋ ራሷ በዚያው ርጥብ ሼል ላይ ስለቆመች፣ ካቦው ሲወጠር እርሷም ወደ ታች ትንሸራተት ጀመር፤ ደግነቱ ቆላ የተወለደው ሹፌር ወዲያው ሥራውን አስቆመ። ሁለተኛ መኪና ገደል የሚገባው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ካቦውን ከሃርድቶፕዋ ወደ አንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ አስረው፣ ጎማዎቿንም በድንጋይ ደግፈው በእግር ወደ መንደሩ ወጥተው አደሩ። ነዋሪዎቹ የማሽላ ቂጣና ወተት አቀረቡላቸው፤ ወጣቱ መንገድ መሪ ደግሞ ስልክ የሚሠራው ደጋው ጠርዝ ላይ ብቻ በመሆኑ በሌሊት ገደሉን ወጥቶ ደወለ።

ጠዋት ስደርስ የመንደሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ለመሳብ ተዘጋጅተው ነበር። መጀመሪያ የጠየቅሁት ማንም ሰው ከመኪናዋ በታች፣ በገደሉ ወገን፣ እንዳይቆም ነው። ሁለተኛው፣ ፀሐይ መሬቱን እስክታደርቀው ምንም መሳብ እንዳይጀመር ነው። ይህን የመቆያ ጊዜ ያለ ሥራ አላሳለፍነውም። ትናንት ተጓዦቹን ከወንዝ ያስወጡት አዛውንት ሌላ ምክር ሰጡን፦ ጭቃው ላዩ ብቻ ስለሆነ ተፍቆ ይውጣ፣ በቦታውም ከላይ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ይምጣ። ሰዎቹ በዶማና በአካፋ ርጥቡን ሽፋን ፍቀው አወጡና፣ ከደረጃው ላይ በጆንያ እያወረዱ የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ በጎማዎቹ መሄጃ ረጩበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ካቡ ነበር። ጎማዋ ከተንጠለጠለችበት በታች ያለውን ጠርዝ ሦስት ገበሬዎች ከጎን ሆነው፣ አንዳቸውም ከመኪናዋ ክብደት ሥር ሳይገቡ፣ ደረቅ ድንጋይ እየካቡ ከታች አነሡት። እርከን መካብ የኖሩበት ሥራ በመሆኑ ድንጋዩን ወደ ተራራው ወገን እያዘነበሉ፣ ትልቁን ከሥር፣ ጠፍጣፋውን ከላይ እያደረጉ ሠሩት። በዚህ ላይ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም።

መኪናዋን በክሪክ ከማንሣታችን በፊት ወደ ገደሉ እንዳትሸሽ ከጎን የሚይዛት ነገር ያስፈልግ ነበር። በተራራው ወገን ልክ ከጎኗ የሚታሰርበት ዛፍም ድንጋይም ስላልነበረ፣ ስኮርታ ጎማውን ወገብ በሚደርስ ቦይ ውስጥ በቁሙ ቀብረን፣ ካቦውን በመካከሉ አሳልፈን ከሻንሲው ጋር አሰርነው። አፈሩ ከፊት ለፊቱ ያልተነካ እንዲሆን ቦይውን ከካቦው አቅጣጫ ጋር አግድም መቆፈር ያስፈልጋል፤ በዚህ መንገድ የተቀበረ ጎማ በጣም ከባድ ጭነት ይሸከማል። በተወጠረው ካቦ ላይ አፈር የተሞላ ጆንያ ሰቀልንበት፤ ካቦው ቢበጠስ በኃይል ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ ነው። ከዚያ የዘይት ክሪኩን በወፍራም ጣውላ ላይ አስቀምጠን ሻንሲውን ጥቂት በጥቂት አነሣነው፤ ጎማውም በካቡ ላይ አረፈ።

መሬቱ ከደረቀ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ሹፌሩ ብቻውን ገባ። ዕቃው ሁሉ ቀድሞ በአህያ ወጥቶ ነበር። በዝቅተኛው የአራት ጎማ ክፍል በሁለተኛ ማርሽ፣ ግራና ቀኝ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሻሉን ቆልፎ፣ ነዳጅ ሳያበዛ ወጣ። በባዛልቱ ጥምዝምዝ ላይ የሞተሩ ሙቀት ስለጨመረ ሁለት ጊዜ ቆመን አበረድነው፤ ሙቀት ከታች፣ ስስ አየር ከላይ ስለሚገጥመው ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ገደል የሚደክመው መጨረሻው ላይ ነው።

የተሳካውና ያልተሳካው

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የጠቀሙት ካቦው፣ የተቀበረው ጎማና ጣውላው ናቸው። ክሪኩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሼሉ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። በመኪና መጎተት አልሠራም፤ በሰው ብዛት መሳብም አልሞከርነውም፤ መኪናዋ ድንገት ብትላቀቅ ገመድ በእጁ የጠመጠመ ሰው አብሯት ሊሄድ ይችላልና።

አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። ያቺን ሌሊት ያለ አጎበር ካደሩት መካከል አንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በወባ ታሟል፤ ታክሞም ድኗል። የተያዘው በዚያች ሌሊት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ጊዜው በሽታው ከተያዘበት እስኪታይ ከሚወስደው ጊዜ ጋር ይስማማል።

ወደ ሌሎች ቦታዎች የሚወሰዱ ትምህርቶች

ቁልቁል መውረድ መቻል መኪናዋ ያንን መንገድ ሽቅብ ትወጣዋለች ማለት አይደለም፤ ስትወርድ ክብደቷ ያግዛታል፣ ስትወጣ ይጫናታል። ስለዚህ እንደ ሼሉ ያለ የሚያሳስብ ክፍል ሲገጥም ጥቂት ሜትር ብቻ ወርዶ በኋላ ማርሽ ተመልሶ መውጣትን መሞከር፣ ጎማው ከሸሸ ደግሞ በዚያው ጉዞውን ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ሙከራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ እኔ ከዚያ በኋላ ላሠለጠንኳቸው ሁሉ ይህን አስተምራለሁ።

የውሳኔ ነጥቡን ከጉዞው በፊት መወሰን ይገባል። በዚህ ጉዳይ ትክክለኛው ነጥብ የኖራ ድንጋዩ መንደር ነበር፤ የፒክአፑ ሹፌርም በትክክል እዚያ ቆሟል። ከተጓዦች መካከል አንዱ ብቻ እንኳ «አልወርድም» ካለ፣ ምክንያቱን ጠይቆ ሳያዳምጡ ማለፍ አይገባም። በአባይ በረሃ ለሚሄድ ሰው መታየት ያለበት ሰማይ በላዩ ያለው ሳይሆን ውሃው የሚመነጭበት የደጋው ሰማይ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በገባር ውስጥ መቆም፣ ለምሳ ዕረፍትም ቢሆን፣ አይፈቀድም።

ፍሬን የመጨረሻ መያዣ እንጂ የመውረጃ መሣሪያ መሆን የለበትም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛውን ማርሽ መያዝ፣ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት መተው ነው። በስለታማ የኖራ ድንጋይ ላይ የጎማ ነፋስ ትንሽ መቀነስ ቢጠቅምም፣ ብዙ ከቀነሰ የጎማው ጎን በድንጋይ ይቆረጣል፤ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ ግን የበለጠ መቀነስ ይቻላል፣ ለዚህም ማስነፊያ ኮምፕሬሰር መያዝ ግዴታ ነው። በዕለቱ እንመለሳለን ለተባለ ጉዞም ቢሆን አጎበርና ለአንድ ሌሊት የሚሆን ምግብ መያዝ አለበት፤ ሰዎቹን በርጥብ ሼል ላይ ያስነዳቸው ማደርን መፍራት ነበርና።

የመጨረሻው ትምህርት ስለ መንገዱ ነው። ርጥብ መሬት ላይ ጎማ የቆፈረው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃ መውረጃ ይሆናል፤ በአንድ ክረምትም የመንደሩን ብቸኛ መንገድ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ መንገድ ለተጓዦቹ የሽርሽር መስመር ቢሆንም ለነዋሪዎቹ ማሽላቸው የሚወጣበትና ወላድ በቃሬዛ የሚያወጡበት ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ ለሠሩት ገበሬዎች የቀን ዋጋቸውን ከከፈሉ በኋላ ወዲያው አልሄዱም፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው የቆፈሩትን በድንጋይ ሞልተው፣ በየጥቂት እርምጃው ውሃ ወደ ጎን የሚያስወጣ አግድም ቦይ ቆፈሩ፤ የተካበውንም ካብ ሳያፈርሱ ለመንገዱ ደጋፊ እንዲሆን ተዉት።